ባውድ ማን ነበር?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጀርመን የሚኖረውን የእህቴን ልጅ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ልጁ የተማረው ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ነው፤ የሚሠራው ደግሞ ለፋብሪካዎች የተፈጥሮ ጋዝ ቆጣሪ በሚተክልና በሚጠግን ድርጅት ውስጥ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ እያለን ስልክ ተደወለለት። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ የአንድ ፋብሪካ ቆጣሪ ለማዕከሉ መልስ መስጠት አቁሟል። ብቻዬን ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ከማይ ብዬ አብሬው ሄድኩ።

ቦታው ስንደርስ ያየሁት ከዘበኛ ቤት የማይበልጥ የብረት ክፍል ነው። ውስጡ ወፍራም ቢጫ ቧንቧ ያልፋል፤ ቧንቧው ላይ ተርባይን ያለበት ቆጣሪ ተገጥሟል፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ግራጫ ሳጥን ተሰቅሏል። ጋዝ እንደ ውኃ አይደለም አለኝ ልጁ መሣሪያውን እየፈታ። ግፊት ሲበዛበት ይታመቃል፣ ሲሞቅ ይለጠጣል። ስለዚህ ሳጥኑ ከቆጣሪው የሚመጣለትን ምት ይቆጥርና ግፊቱንና ሙቀቱን ለክቶ፣ ጋዙ በዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ1.01325 ባር ግፊት ቢሆን ኖሮ ስንት ሜትር ኪዩብ እንደሚሆን ያሰላል። ፋብሪካው የሚከፍለው በዚህ ስሌት ነው። ሳጥኑ በየሰዓቱ የደረሰበትን ይመዘግባል፤ ማዕከሉ ደግሞ በሞደም እየደወለ ይሰበስባል። እኔ የሕግ ሰው ነኝና ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ይኼ ሳጥን ምስክር ነው። ሻጭና ገዢ ቢካሰሱ ዳኛ ፊት የሚቀርበው ማስረጃ እሱ ነው።

የዚያን ዕለት ምስክሩ የማይሰማ ቋንቋ ይናገር ነበር። ማዕከሉ ሲደውል ሞደሙ ያነሳል፣ መስመሩ ይያያዛል፣ የሚመጣው ግን ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ነው። ከሳምንት በፊት ሞደሙን የቀየረው ሠራተኛ ሞደሙ ከሳጥኑ ጋር የሚነጋገርበትን ፍጥነት ሳያስተካክል ነበር የሄደው። አንዱ በሚናገርበት ፍጥነት ሌላው አያዳምጥም። የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን በኬብል ከሳጥኑ ጋር አገናኘና እንደ ጸሎት በቃሉ የሚያውቀውን ደረደረው፦ 300 ባውድ፣ ሰባት ቢት፣ ኢቨን ፓሪቲ፣ አንድ ስቶፕ ቢት። በዚህ ዘገምተኛ ፍጥነት ሰላምታ ሲሰጠው ሳጥኑ ማንነቱን ተናገረ፤ ከዚያ ተስማሙና ወደ 9600 ከፍ አሉ። እንዲህ ያለው መሣሪያ መጀመሪያ በዝግታ ተዋውቆ ነው ወደ ፍጥነት የሚሄደው። እንደ እኛ አገር ሽማግሌ፣ ስለ ጤና ሳይጠይቅ ጉዳይ አይጀምርም።

ባውድ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። የፍጥነት መለኪያ ነው፣ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ መስመሩ ላይ ያለው ምልክት ስንት ጊዜ ሊለዋወጥ እንደሚችል ይናገራል አለኝ። ቀጥሎም የሰው ስም ይመስለኛል አለ። ማን እንደሆነ ግን አላወቀም፤ በቀን አሥር ጊዜ ስሙን ይጠራዋል እንጂ። ይህ ነገር ከነከነኝ። አገሬ ከተመለስኩ በኋላ ማታ ማታ የማነበው ስለዚህ ሰው ሆነ።

ሰውዬው ኤሚል ቦዶ ነው። ፈረንሳዮች ሲጠሩት ቦዶ ነው የሚሉት፤ ከ«ባዶ» ጋር እንዳይምታታብን እንጂ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተወለደው ሴፕቴምበር 11 ቀን 1845 በምሥራቅ ፈረንሳይ ኦት ማርን በሚባል አውራጃ፣ ማኞ በምትባል መንደር ነው። አባቱ ገበሬ ነበር። ልጁም የመንደሩን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጨርሶ ሞፈርና ቀንበሩን ያዘ። ከዚያ በላይ መደበኛ ትምህርት አላገኘም። በ1869 በመንግሥት ቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት በተለማማጅነት ተቀጠረ። እዚያ የሞርስን ቴሌግራፍ አስተማሩት፤ ኋላም ዴቪድ ሂዩዝ የሠራውን ፊደል የሚያትም ቴሌግራፍ እንዲማር አራት ወር ኮርስ ላኩት። በ1870 ከፕሩሲያ ጋር ጦርነት ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ ዘመተ፤ በ1872 ፓሪስ ወዳለው ሥራው ተመለሰ።

የሂዩዝ ማሽን በዘመኑ ተአምር ነበር። የፒያኖ የሚመስል 28 ቁልፍ አለው፤ የተጫንከው ፊደል በወዲያኛው ከተማ ወረቀት ላይ ይታተማል። ቦዶ ግን እጁ ማሽኑ ላይ ሆኖ አንድ ነገር አስተዋለ። ሽቦው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈት ነው። በአንዱ ፊደልና በሚቀጥለው መካከል ከከተማ ከተማ የተዘረጋው ያ ሁሉ ሽቦ፣ ያ ሁሉ ምሰሶ ዝም ብሎ ይቆማል። ሽቦ መዘርጋት ውድ ነው፤ ጊዜውን ለብዙ ሰው ማካፈል ግን ይቻላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ የሚለውን አባባል ያወቀ ይመስል፣ ሽቦው ለአንድ ቴሌግራፈኛ ብዙ ነው፣ ለአምስት ሰው ግን ይበቃል ብሎ ተነሳ።

መሥሪያ ቤቱ ሐሳቡን አልጠላውም። ግን በራስህ ጊዜ ሥራው አለው። ቦዶም ከሥራ ሰዓት ውጭ ሲታገል ቆይቶ ጁን 17 ቀን 1874 የመጀመሪያውን ፓተንት አወጣ።

የሠራውን ለማስረዳት ልሞክር፤ መሐንዲስ አንባቢዎቼ እንደ ፍጥርጥሬ ይታገሡኝ። በሁለቱ ከተሞች አንድ ዓይነት ቀለበት አለ፤ ቀለበቱ በክፍል በክፍል ተከፋፍሏል፤ ላዩ ላይ የብረት ብሩሽ እየዞረ ክፍሎቹን ተራ በተራ ይነካል። ሁለቱ ብሩሾች እኩል እስከ ዞሩ ድረስ ሽቦው ለአፍታ የአንደኛው ቴሌግራፈኛ፣ ቀጥሎ የሁለተኛው፣ ቀጥሎ የሦስተኛው ይሆናል። እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ አንድ ፊደል ይልካል። ፊደሉ ደግሞ አምስት ምልክት ነው፤ እያንዳንዱ ምልክት ወይ አለ ወይ የለም። ሁለትን በራሱ አምስት ጊዜ አባዙት፤ 32 ዓይነት ጥምረት ይገኛል። ለላቲን ፊደል ይበቃል። ቁጥርና ነጥብ ሲያስፈልግ አሁን ወደ ቁጥር ቀይሬያለሁ የሚል ምልክት ቀድሞ ይሄዳል። አምስቱ ምልክቶች በአንድ ሽቦ ላይ ተሰልፈው አንዱ በሌላው ኋላ ይወጣሉ። ዛሬ ሲሪያል የሚባለው ግንኙነት ከዚህ የተለየ መሠረት የለውም። የብረት ቤቱ ውስጥ ያለው ግራጫ ሳጥንም የጋዙን መጠን የሚናገረው ቢቶቹን በአንድ መስመር አሰልፎ ነው፤ አምስት በነበረው ቦታ ሰባት አደረገና ስህተት መቆጣጠሪያ ጨመረበት እንጂ። የፊደሉን መጀመሪያና መጨረሻ በምልክት የማጠሩ ዘዴ የመጣው ከቦዶ በኋላ ነው። በእሱ ዘመን ሁለቱን ወገን የሚያስማማው የብሩሾቹ እኩል መዞር ብቻ ነበር።

ቴሌግራፈኞቹ አሳዘኑኝ። ማሽኑ ያለው አምስት ቁልፍ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ለግራ እጅ፣ ሦስቱ ለቀኝ። የእያንዳንዱን ፊደል ጥምረት በቃል መያዝ ግድ ነው። ይህም ሳይበቃ ማሽኑ ቋ ሲል ብቻ ነው መጫን የሚቻለው፤ ያም በደቂቃ 180 ጊዜ ያህል። ቀድመህ ወይም ዘግይተህ ከተጫንክ ፊደሉ ይበላሻል። ከበሮ መቺ ምቱን ሲስት ማኅሌቱ ሁሉ እንደሚታወክ ማለት ነው። በዚህ ስልት አንድ ሰው በደቂቃ 30 ቃል ያህል ይልካል፤ ያውም ሌሎች አራት ሰዎች በዚያው ሽቦ እየላኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። 32 ጥምረት ለፈረንሳይኛ በቂ ነው፣ ለእኛ ግን አይደለም። የእኛ ፊደል ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ እንኳ ከ200 በላይ ነው። ከቦዶ የተወረሰው የአምስት ምልክት ሥርዓት በቴሌክስ አማካይነት ዓለምን ሲያዳርስ፣ አማርኛ በዚያ ጠባብ በር እንዴት ይለፍ የሚለው ጥያቄ ለእኛ ሰዎች ቀረ። ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ የአማርኛውን ቴሌፕሪንተር ለመሥራት የደከሙት ድካም ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚገባው ነው።

ወደ ቦዶ ልመለስ። ኖቬምበር 12 ቀን 1877 ማሽኑ በፓሪስና በቦርዶ መካከል ተሞከረና ሠራ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፓሪስና ሮም በዚሁ ማሽን ተገናኙ፤ 1,700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1878 ፓሪስ ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ። የገበሬው ልጅ ስሙ ጋዜጣ ላይ ወጣ።

የእኔን የሕግ ሰው ጆሮ ያቆመው ግን ከዚሁ ጎን ለጎን ይሄድ የነበረው ክርክር ነው። በዚያው በ1874 ሉዊ ቪክቶር ሚሞ የሚባል ሌላ የቴሌግራፍ ሠራተኛ አምስት ሽቦ የሚጠቀም ማሽን ፓተንት አውጥቶ ነበር። መሥሪያ ቤቱ አልቀበልም አለው። ሚሞ ሜየር የተባለ ሰው ከሠራው ማሽን ጥቂት ነገር ወስዶ አሻሻለና አዲስ ፓተንት አወጣ፤ እሱንም አልተቀበሉትም። በዚህ መሀል ቦዶ በጥቂት ሳምንታት ቀድሞት የራሱን አስመዝግቧል። በ1877 ሚሞ ሐሳቡ የእኔ ነው ብሎ ከሰሰ።

ጉዳዩን ያየው የሴን ፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ከቴሌግራፍ መሥሪያ ቤቱ ጋር ንክኪ የሌላቸው ሦስት ባለሙያዎች አስቀርቦ ሰማ፤ ከዚያም ለሚሞ ፈረደ። የአምስቱ ምልክት ፊደል ቀዳሚ ፈጣሪ ሚሞ ነው፣ የቦዶ ፓተንቶች የእሱ ማሻሻያዎች ናቸው አለ። ሁለቱም ወገኖች አልተደሰቱም። ክርክሩ ቀጥሎ ፍርዱ ተሻረ፣ ጭራሽ ወጪና ኪሣራውን ሚሞ እንዲከፍል ታዘዘ። ፍርድ ቤት ደጅ የጠና ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። በመጀመሪያው ፍርድ ሰማይ የደረሰ ሰው በይግባኝ ሲወርድ የሚወርደው ከጀመረበትም በታች ነው።

ሚሞ አእምሮው ታወከ። አንድ ጊዜ የፖሊቴክኒክ ተማሪዎች ላይ ተኩሶ አቆሰለ፤ ክሱ ተነሣለት። ቀጥሎ ለመንግሥት ጥያቄ አቀረበ፦ የፓተንቶቹ ዘመን በልዩ ሕግ እንዲራዘምለት፣ 100,000 ፍራንክ እንዲሰጠው፣ የሌዥዮን ዶነር ኒሻን እንዲሸለም። ጥያቄውን እንዲያይ የተሰየመውን ኮሚሽን የመራው የቴሌግራፍ ምርምር ኃላፊው ዡል ሬኖ ነበር። ኮሚሽኑ ጥያቄውን ውድቅ አደረገ። በጃንዋሪ 1888 ሚሞ ሬኖን ተኩሶ ገደለው። አሥር ዓመት የግዳጅ ሥራና ሃያ ዓመት ግዞት ተፈረደበት። የባለቤትነት ክርክር ብለን የምናስተምረው ነገር እንዲህ በአስከሬን ሲያልቅ በበኩሌ ያነበብኩት ጥቂት ነው።

ማን ነበር ትክክል? ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ዳኛ መሆን ይቀላል። ይሁንና አስተያየት መስጠት ሥራዬ ስለሆነ ልበል። የአምስቱ ምልክት ሐሳብ ከሁለቱም በፊት ነበረ። ጋውስና ቬበር የተባሉት ጀርመናውያን በ1830ዎቹ በቴሌግራፋቸው ተጠቅመውበታል። ከእነሱም በፊት፣ በ1623፣ ፍራንሲስ ቤከን ሁለት ዓይነት ምልክት ብቻ በአምስት በአምስት እየሰደረ ፊደል ሁሉ የሚጻፍበትን የምሥጢር ጽሕፈት አሳትሟል። ቤከን ደግሞ የእንግሊዝ ሎርድ ቻንስለር የነበረ የሕግ ሰው ነው፤ ይህን ስጽፍ ትንሽ ደረቴን ነፋ ማድረጌን አልደብቅም። የሚያትመው ማሽን ከሂዩዝ፣ የሚያከፋፍለው ቀለበት ከሜየር መጣ። ቦዶ የሠራው እነዚህን አስማምቶ፣ የጎደለውን ከራሱ ጨምሮ፣ ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ እንዲሠሩ ማድረግ ነው። እኔ ይህን ትንሽ አልለውም። የጋዝ ቆጣሪው ሳጥንም፣ ሞደሙም፣ ኬብሉም ጤነኛ ነበሩ፤ ያልነበረው ስምምነት ነበር። ሁለቱን ወገን የሚያስማማ ሰው ከፈጣሪዎቹ ተርታ ይቆጠራል ባይ ነኝ። ግን የመጀመሪያው ፍርድ ቤት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ያልሆኑ ባለሙያዎችን መስማቱ ትክክል ነበር። ከሁለት ተከራካሪዎች የአንደኛውን ማሽን ገዝቶ የሚጠቀም መሥሪያ ቤት ስለ ሌላኛው ሚዛናዊ ምስክር ሊሆን አይችልም። ሚሞን ነፍሰ ገዳይ ያደረገው ራሱ ነው፤ የተበዳይነት ስሜቱ ግን ከባዶ ሜዳ አልበቀለም።

አሸናፊውም ቢሆን አልተመቸውም። መሥሪያ ቤቱ ማሽኑን ይጠቀምበታል እንጂ ለምርምሩ የሚረባ ገንዘብ አይሰጠውም ነበር። ብዙውን ወጪ ከኪሱ ነው የሚሸፍነው። በ1880 የኤግዚቢሽኑን የወርቅ ሜዳሊያ ሸጠ፤ ለምርምሩ ገንዘብ ሲያጣ ማለት ነው። ይህን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ተነሣሁ። መሥሪያ ቤቶቻችን ጎበዝ ሠራተኛቸውን በሰርተፊኬትና በአበባ ሸኝተው የጠየቀውን ዕቃ ግዢ ሦስት ዓመት የሚያጉላሉትን እያሰብኩ፣ በሽታው የእኛ ብቻ አለመሆኑ ትንሽ አጽናናኝ፤ ማጽናናት ካልነውማ። በማዕረግ በኩል ግን አልበደሉትም። በ1882 ኢንስፔክተር መሐንዲስ አደረጉት፤ አንድም ቀን የምሕንድስና ትምህርት ቤት ደጃፍ ላልረገጠ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። በእኛ አገር ቢሆን ዲግሪህ የታለ ተብሎ ፋይሉ እዚያው ይቀር ነበር።

ጤናም አልነበረውም። ሥራ ከጀመረ ጥቂት ቆይቶ የያዘው ሕመም ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም፤ አንዳንዴ ወር ሙሉ ከሥራ ይቀራል። በጃንዋሪ 1890፣ በ44 ዓመቱ፣ አገባ። ሚስቱ በዚያው ዓመት በኤፕሪል ሞተች። አብረው የኖሩት ሦስት ወር አይሞላም። በኦገስት ደግሞ ፓሪስን፣ ቫንንና ሎሪያንን በአንድ ሽቦ እያገናኘ እናገኘዋለን። በሁለቱ መካከል ያሉትን አራት ወራት እንዴት እንዳሳለፋቸው አንባቢ ይገምት።

ማሽኑ ከእሱ የተሻለ ዕድሜ አገኘ። ጣሊያን በ1887 ተቀበለችው፣ ኔዘርላንድስ በ1895፣ ስዊዘርላንድ በ1896፣ ኦስትሪያና ብራዚል በ1897። እንግሊዞችም በዚያው ዓመት ለንደንን ከፓሪስ አገናኙበት፤ ጀርመን በ1900 ተከተለች። ቦዶ ማርች 28 ቀን 1903 ፓሪስ አጠገብ ሶ በምትባል ከተማ አረፈ። 57 ዓመቱ ነበር። ሩሲያ ማሽኑን የተቀበለችው በዓመቱ ነው።

ስሙ መለኪያ የሆነው በ1920ዎቹ፣ ዓለም አቀፍ የቴሌግራፍ ባለሙያዎች የምልክት ፍጥነት ስም ያስፈልገዋል ብለው በተመካከሩ ጊዜ ነው። ስም ግን የራሱ ፍርድ አለው። ዶናልድ መሪ የተባለ ኒውዚላንዳዊ በ1901 የምልክቶቹን አደላደል ቀይሮ እንደ ጽሕፈት መኪና በሚጫን ቁልፍ እንዲላኩ አደረገ፤ በቴሌክስ ዓለምን የዞረው ይኸኛው ነው። ሰው ግን ቦዶ ኮድ እያለ ነው የኖረው። ሞደም ሲመጣ ደግሞ ስሙ ራሱ ተምታታ። በ2400 ባውድ የሚሠራ ሞደም በአንድ የምልክት ለውጥ አራት ቢት እያሸከመ በሴኮንድ 9600 ቢት ያሳልፋል፤ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ አይደሉም። በእህቴ ልጅ ኬብል ላይ ግን አንድ ለውጥ አንድ ቢት ስለሆነ ሁለቱ ይገጥማሉ፤ ሰዎች ሁለቱን የሚቀላቅሉትም ከዚሁ የተነሣ ይመስለኛል። ሚሞስ? በስሙ የተጠራ ነገር አላገኘሁም።

ያን ቅዳሜ ልጁ ሞደሙን ከሳጥኑ ጋር አስማምቶ፣ በመጀመሪያው ጥሪ እንዲያነሳ አድርጎ ወደ ማዕከሉ ደወለ። ማዕከሉ መልሶ ሲደውል ምልክቶቹ ሰው የሚያነባቸው ቁጥር ሆነው መጡ። ሳጥኑ ዝም በተባለበት ሳምንትም ሲመዘግብ ስለሰነበተ የጠፋ ሰዓት አልነበረም። ልጁ ሳጥኑ በር ላይ ባለች ካርድ ላይ የአዲሱን ፍጥነት ቁጥር በእስክሪብቶ ጻፈና ቆልፎት ወጣን።

የሚሞን ታሪክ በስልክ ነገርኩት። እስኪ አጎቴ ያ የመጀመሪያው ፍርድ ጸንቶ ቢሆን ምን እንል ነበር ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ላይ ሆኖ ሲደውልልኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚነግረኝ ዛሬ ቆጣሪውን በ9600 ሚሞ አስተካከልኩት እያለ ነው።